ብሌድ ራነር፦ ዴካርድ ሰው ነው ወይስ ሬፕሊካንት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ብሌድ ራነር 2099» የተባለ ተከታታይ ድራማ እንደሚሠራ ከተሰማ ወዲህ የአርባ ዓመቱ ክርክር እንደገና ተጀምሯል። አዲሱን ለመጠበቅ የድሮውን የሚያዩ ሰዎች መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። እዚህ የሰበሰብኩት ፊልሙን ያሳየኋቸው ጓደኞቼና ዘመዶቼ ደጋግመው የጠየቁኝን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ የ1982ቱም ሆነ የተከታዩ፣ የ«ብሌድ ራነር 2049» መጨረሻ ይነገራል፤ ያላያችሁ አይታችሁ ብትመለሱ ደስ ይለኛል።

ፊልሙን አላየሁትም። ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው ፊልም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ሰኔ 1982 ነው። ታሪኩ የሚካሄደው 2019 ላይ በሎስ አንጀለስ ነው፤ ያኔ ሩቅ የወደፊት ዘመን ነበር፣ እኛ ግን አልፈነዋል። ዝናቡ አያባራም። ታይረል የሚባል ኩባንያ መልካቸው ከሰው የማይለይ፣ በጉልበት ከሰው የሚበልጡ ፍጡራን ይሠራል፤ ሬፕሊካንት ይባላሉ። ከምድር ውጭ ባሉ ሰፈራዎች እንደ ባሪያ ይሠራሉ፣ ዕድሜያቸውም አራት ዓመት ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ጥቂቶቹ አምፀው ወደ ምድር ይመጣሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ዕድሜ። ሃሪሰን ፎርድ የሚጫወተው ሪክ ዴካርድ ደግሞ እነሱን እያሳደደ እንዲገድል የተመደበ ሰው ነው። በዚህ መሃል ሬቸልን ይተዋወቃል። ሬቸል ሬፕሊካንት ናት፣ ግን አታውቅም። የልጅነት ትዝታዋ ከሌላ ሰው ተወስዶ የተተከለባት ነው።

መጨረሻው ላይ ይህን ያህል የሚያከራክረው ነገር ምንድን ነው?

አንዲት የወረቀት ፈረስ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ቀስ ብላችሁ እዩአቸው። ዴካርድ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ያገኘዋል። ሽጉጡን ይዞ ይገባል። ሬቸል ፊቷ ሳይቀር በአንሶላ ተሸፍና ተኝታለች፤ ሞታለች ብለን እንፈራለን፣ ግን በሕይወት አለች። ሊጠፉ ነው። እሱ ቀድሞ ወጥቶ ኮሪደሩን ይቃኝና በእጁ ይጠራታል። ስትወጣ ጫማዋ ወለሉ ላይ የቆመች ትንሽ ነገር ይነካና ያጋድማታል። ዴካርድ ጎንበስ ብሎ ያነሳታል። ከብርማ ወረቀት የታጠፈች፣ ግንባሯ ላይ አንድ ቀንድ ያላት ፈረስ ናት። እነዚህን ነገሮች የሚያጥፈው ጋፍ መሆኑን እናውቃለን፤ ጋፍ በፊልሙ ሁሉ የዴካርድን ዱካ የሚከተል ፖሊስ ነው፣ ቀደም ሲል ዶሮ ሲያጥፍ፣ ከክብሪት እንጨት ሰው ሲሠራ አይተነዋል። ስለዚህ ጋፍ እዚህ ቤት መጥቶ ነበር። ሬቸልን አይቷታል፣ ግን ትቷት ሄዷል። ዴካርድ ፈረሷን ያያል፣ ጋፍ ጣሪያው ላይ ሆኖ የተናገረው ትዝ ይለዋል፦ እሷ አለመኖሯ ያሳዝናል፣ ግን ማንስ ይኖራል? ራሱን ይነቀንቃል፣ ወረቀቷን ጨብጦ ሊፍት ውስጥ ይገባል። በሩ ይዘጋል። አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ምንም ምሥጢር የለም። ምሥጢሩ የሚመጣው አንድ ሌላ ትዕይንት ስንጨምርበት ነው። ከአጋማሹ በፊት ዴካርድ ጠጥቶ ፒያኖው ላይ ደገፍ ባለበት አንድ ሕልም ብጤ ያልፍበታል፦ ጫካ ውስጥ የሚጋልብ ባለ አንድ ቀንድ ነጭ ፈረስ። ለማንም አልተናገረውም። ታዲያ ጋፍ ከየት አወቀ?

እዚህ ላይ ሬቸልን አስታውሱ። ዴካርድ ሬፕሊካንት መሆኗን ያሳመናት በመሣሪያ አይደለም። በልጅነቷ ከመስኮቷ ውጭ ቁጥቋጦ ላይ ድሯን ስለሠራች ሸረሪት ነገራት፤ ለማንም ያልተናገረችውን። አንቺ ብቻ የምታውቂውን እኔ ካወቅሁ ትዝታሽ ፋይል ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ይህ ነበር መልእክቱ። ጋፍ በወረቀቷ ፈረስ ዴካርድ ላይ ያንኑ አደረገበት የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ክርክር ጠንካራው ይህ ነው፤ ፊልሙ ደንቡን መጀመሪያ በሬቸል አስተምሮን፣ በኋላ ያለ አንድ ቃል በዴካርድ ላይ ተጠቀመበት።

እኔ ያየሁት ፊልም ግን የፈረስ ሕልም የለበትም። ተሳስቼ ነው?

አልተሳሳታችሁም። ሌላ ፊልም ነው ያያችሁት።

ይህን በራሴ ቤት ነው የተማርኩት። ታላቅ ወንድሜ ፊልሙን በካሴት ዘመን አይቶታል፣ እኔ ከዓመታት በኋላ በሲዲ አየሁት። አንድ እሑድ ቡና ላይ ተነሳና ተጣላን። እኔ «ፈረሱን አላየህም?» እላለሁ፤ እሱ «የምን ፈረስ?» ይላል። እሱ ደግሞ «መጨረሻ ላይ በመኪና ተራራ ለተራራ እየሄዱ አይደል እንዴ የሚያልቀው? ደግሞ እሷ ዕድሜዋ እንዳልተገደበ ራሱ ይናገራል» ሲለኝ፣ ተራራ የሚባል ነገር በዚያ ፊልም ውስጥ እንደሌለ ማልኩለት። እማዬ ሁለተኛውን እየቀዳች ዝም ብላ ስትሰማን ቆየችና «ለመሆኑ ያያችሁት አንድ ፊልም ነው?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ነው ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ እንደነበረች የገባኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በ1982 መጀመሪያ ፊልሙ ለሙከራ በዴንቨርና በዳላስ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ተጋባ። ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች ሁለት ነገር አስጨመሩ። አንደኛው የዴካርድ የራሱ ትረካ ነው፤ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደተሰማው እየነገረን ይሄዳል። ሁለተኛው ሬቸልና እሱ በአረንጓዴ አገር በመኪና ሲሄዱ የሚታይበት አስደሳች መጨረሻ ነው። ከአየር ላይ የተነሳው የተራራ ምስል ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ለተባለው ፊልሙ ቀርጾ ካተረፈው የተወሰደ ነው። ወንድሜ ያየው ይህንን ነው። ያልተጠናቀቀው የሥራ ቅጂ በ1990 እና በ1991 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ሰው ተሰልፎ ስለገባ፣ በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የሚባለው ወጣ። ትረካው ጠፋ፣ ተራራው ጠፋ፣ የፈረሱ ሕልም ገባ። እኔ ያየሁት ይህን ነው። ስኮት ሙሉ ነፃነት አግኝቶ የጨረሰው ግን የ2007ቱን «የመጨረሻ ቅጂ» ብቻ ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው ስለ መጨረሻው ሲከራከራችሁ መጀመሪያ የትኛውን ቅጂ እንዳየ ጠይቁት። ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል።

ታዲያ የትኛውን ልይ?

የ2007ቱን። ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው በሌላ ቀን የ1982ቱን ቢያይ አይቆጨውም፤ ትረካ አንድን ፊልም ምን ያህል እንደሚያሳንሰው በዓይን ያያል። ጣሪያው ላይ የአመፀኞቹ ሬፕሊካንቶች መሪ ሮይ ባቲ ሲሞት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ እርግቧ ከእጁ ስትበር፣ ፎርድ ያየነውን ነገር መልሶ ያብራራልናል። አንድ ሰው በለቅሶ ቤት ተነሥቶ ሟቹ ለምን እንደሚያሳዝን ቢያስረዳ ምን ይሰማችኋል? እንደዚያ ነው።

ዳይሬክተሩ ራሱ «ሬፕሊካንት ነው» ብሏል አይደል? ክርክሩ እዚያ ላይ አልተዘጋም?

ብሏል። ስኮት ከ2000 ጀምሮ በግልጽ ተናግሯል፣ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞታል። ግን ፊልም ብቻውን አይሠራም። ፎርድ ለብዙ ዓመታት ዴካርድ ሰው ነው የሚል አቋም ነበረው፤ ተመልካቹ ከልቡ የሚያዝንለት አንድ ሰው እንኳ ሊኖር ይገባል የሚል ነበር ምክንያቱ። በ2023 ደግሞ ሬፕሊካንት መሆኔን ሁሌም አውቀው ነበር፣ ልታገለው ብዬ ነው የሚል ንግግር አድርጓል። የመጀመሪያውን የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጀው ሃምፕተን ፋንቸር በበኩሉ ጥያቄው መልስ እንዲያገኝ አይፈልግም።

የፎርድን የኋላ ንግግር ሰምተው «በቃ፣ ተፈታ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ተዋናዩ ያንን ትግል ፊቱ ላይ አምጥቶታል። ራሱን እንደ ሰው ቆጥሮ ነው የተጫወተው፤ ባይታገል ኖሮ የምናየው ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ሬፕሊካንት መሆኑን የማያውቅ ሬፕሊካንት እና ሰው በምን ይለያሉ? ከውጭ ሆነን ለምናያቸው በምንም አይለያዩም። ስኮትና ፎርድ ስለ አንድ ፊት ለአርባ ዓመት ሲከራከሩ ሁለቱም ትክክል የሆኑት ለዚህ ነው።

ሬፕሊካንት ነው ለማለት ከወረቀቷ ፈረስ ሌላ ማስረጃ አለ?

ሦስት ነገሮች በተለይ ይነሳሉ።

ዓይን፦ በፊልሙ ውስጥ የሬፕሊካንቶች ዓይን አንዳንዴ ቀላ ብሎ ያበራል፤ የሬቸልን፣ የታይረልን ሰው ሠራሽ ጉጉት ልብ በሉ። ዴካርድ ቤት ውስጥ ሬቸል «ወደ ሰሜን ብሸሽ ትከተለኛለህ?» የሚል ነገር ስትጠይቀው፣ እሱ ከኋላዋ ደብዘዝ ብሎ ቆሟል። አልከተልሽም፣ ውለታ አለብኝ ይላታል። በዚያች ቅጽበት የእሱም ዓይን ያበራል። ለአንድ አፍታ ነው፤ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ያመልጣችኋል።

ፎቶ፦ ሬፕሊካንቶች ፎቶ ይወዳሉ፤ ያለፈ ሕይወት የሌለው ሰው ያለፈ ሕይወት ማስረጃ ቢሰበስብ አይገርምም። ከአመፀኞቹ አንዱ ሊዮን ለፎቶዎቹ ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ሬቸል ከእናቷ ጋር ተነሳሁት የምትለውን ፎቶ እንደ ምስክር ታቀርባለች። የዴካርድ ፒያኖ ደግሞ በአሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተሞልቷል። እነማን እንደሆኑ አንድም ቀን አይናገርም።

ቁጥር፦ ይኼኛው አሳሳች ነው፣ ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም። በ1982ቱ ቅጂ የፖሊስ አዛዡ ስድስት እንዳመለጡና አንዱ በኤሌክትሪክ እንደሞተ ይናገራል። አምስት ይቀራሉ ማለት ነው፤ በፊልሙ የምናያቸው ግን አራት ናቸው። አምስተኛው ዴካርድ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እውነቱ ሜሪ የተባለች ገጸ ባሕርይ ከጽሑፉ ስትወጣ ቁጥሩ ሳይስተካከል መቅረቱ ነው። በ2007ቱ ቅጂ የሞቱት ሁለት እንደሆኑ ተደርጎ ተስተካክሏል። ዛሬም ይህን የሚያነሳ ካለ በትሕትና ንገሩት።

አንተስ ምን ትላለህ?

ሰው ነው እላለሁ። የፈረሷን ነገር ሳልረሳ።

ምክንያቴ ጣሪያው ነው። ሮይ ባቲ ሊሞት ደቂቃዎች ቀርተውታል። ጓደኞቹን የገደለው ሰው ከፎቅ ጫፍ ተንጠልጥሎ ጣቶቹ ሲላቀቁ ቆሞ ያያል፤ በፍርሃት መኖር ባርነት ማለት እንደሆነ ይነግረዋል። ከዚያ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጁ አፈፍ አድርጎ ይጎትተውና ያተርፈዋል። ያየውን ተአምር ይነግረዋል፣ ሁሉም በዝናብ ውስጥ እንዳለ እንባ እንደሚጠፋ ይናገራል፣ ይሞታል። የዚህን ንግግር መጨረሻ ተዋናዩ ሩትገር ሃወር ራሱ ነው ከቀረጻው በፊት አሳጥሮ ያስተካከለው፤ የእንባውና የዝናቡ ነገር የእሱ ነው። ሃወር ያረፈው በ2019 ነው፤ ሮይ በፊልሙ በሚሞትበት ዓመት።

ዴካርድ ሬፕሊካንት ከሆነ ይህ ትዕይንት አንዱ ወገን ሌላውን ወገኑን ያዳነበት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ዴካርድ ሰው ከሆነ ግን የተሠራው ለተወለደው ምሕረትን አስተማረው። በጉልበት እንዲገዛ የተሠራ ፍጡር ገዳዩን ማረ። እኛ ሰፈር «እሱ እኮ ሰው ነው» ሲባል ስለ ሥጋና ደም አይደለም የሚወራው፤ ልብ አለው፣ ይሉኝታ ያውቃል ማለት ነው። «ሰው ጠፋ» ስንልም መንገዱ በሕዝብ ተሞልቶ ነው። አማርኛችን ይህንን ፊልም ገና ሳያየው ገብቶታል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ጣሪያ ላይ ሮይ ሰው አልነበረም፣ ግን ሰው ሆነ። ዴካርድ ሰው ነበረ፣ ግን ገና አልሆነም። ይህ ልዩነት እንዲኖር አንዱ መወለድ፣ ሌላው መሠራት አለበት።

ጋፍ ጣሪያው ላይ ለዴካርድ የሚለውን ነገር እንዴት ብዬ ልተርጉም?

ከዚህ ፊልም ውስጥ ለአማርኛ ተርጓሚ ከባዱ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው። ጋፍ ከሩቅ ሆኖ ሽጉጡን እየወረወረለት ስለሠራው ሥራ ያመሰግነዋል። የሚጠቀምበት የእንግሊዝኛ ቃል «ወንድ» ማለትም «ሰው» ማለትም ነው። «የወንድ ሥራ ሠሩ፣ ጌታዬ» ብትሉ ጀግንነት ብቻ ይሆናል፤ ፉከራ ይመስላል። «የሰው ሥራ ሠሩ» ብትሉ ደግሞ ሽሙጡ ይወጣል፣ ሰው ሳይሆኑ የሰው ሥራ ሠሩ የሚለው ከሥሩ ይሰማል፣ ግን ጀግንነቱ ይጠፋል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዞ ማለፍ ይችላል፤ እኛ መምረጥ አለብን። እኔ ብሆን «የሰው ሥራ» ብዬ እተረጉማለሁ። ሌላው ተርጓሚ «የወንድ» ቢል አልፈርድበትም፤ የእሱ ዴካርድ ሰው ነው ማለት ነው።

«ጌታዬ» እና «ሠሩ» ያልኩት ጋፍ በአክብሮት ስለሚጠራው ነው። አክብሮቱ ከልብ ይሁን አይሁን በድምፁ ውስጥ ነው ያለው፣ ያንን ትርጉም አይሸከመውም።

ከመጽሐፉ መልስ አይገኝም?

አይገኝም። ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1968 ባሳተመው ልብወለድ ውስጥ ዴካርድ ሰው ነው፤ ሚስት አለችው፣ ጣሪያው ላይ የኤሌክትሪክ በግ ያረባል፣ እውነተኛ እንስሳ መግዛት ይመኛል። የሚኖረውም ሳንፍራንሲስኮ ነው። ፊልሙ ሐሳቡን ወስዶ የራሱን መንገድ ሄዷል። ደራሲው ከቀረጻው የተወሰነውን ካየ በኋላ ደስ ብሎት ነበር፤ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ መጋቢት 1982 አረፈ።

«ብሌድ ራነር 2049» ጥያቄውን መለሰው?

አልመለሰውም። በዚህም ምክንያት ነው ዳይሬክተሩን ዴኒ ቪልነቭን የማመሰግነው።

ሁለተኛው ፊልም ጥቅምት 2017 ሲወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ተጠብቆ ነበር። ስጋታችን አንድ ነበር፦ ዴካርድ ሠላሳ ዓመት አርጅቶ ከመጣ፣ ሰው መሆኑ አይደለም እንዴ የሚታወጀው? ሬፕሊካንት አራት ዓመት ነው የሚኖረው ሲባል ነበር። ፎርድ እንደሚመለስ የተሰማ ቀን ወንድሜ ደውሎ «በቃ አሸነፍኩ» አለኝ። ፊልሙ ግን ይህን በር በብልሃት አለፈው። ሬቸል ዕድሜ ያልተገደበላት ልዩ ሥሪት ከነበረች፣ ዴካርድም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። እርጅናው ምንም አያረጋግጥም።

ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረበት። ሬቸል ልጅ ወልዳ ሞታለች፤ ሬፕሊካንት ትወልዳለች ማለት ነው። አሁን ጥያቄው ሁለት እጥፍ ከበደ። ዴካርድ ሰው ከሆነ ልጁ የሁለት ወገን ልጅ ነው፣ ድንበሩ ፈርሷል። ሬፕሊካንት ከሆነ ልጁ የአዲስ ሕዝብ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ሁለቱም ትርጉም ይሰጣል፣ ፊልሙም በሁለቱም መንገድ ሳይሰናከል ይሄዳል። ባለ ጸጋው ዋላስ ዴካርድን አስቀምጦ ከሬቸል ጋር መገናኘታችሁ ታቅዶ የተሠራ ቢሆንስ ይለዋል፤ ወዲያው ግን የተሠራህ ከሆነ የሚል ቃል ይጨምርበታል። ዴካርድ እውነቱን አውቃለሁ ብሎ ይመልሳል፣ የቱ እንደሆነ ግን አይነግረንም። ቪልነቭ ራሱ ስኮትና ፎርድ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ስለዚህ ጉዳይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደሚከራከሩ ተናግሯል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ውሻውን ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ባዶ ሆቴል ውስጥ ዴካርድ አንድ ውሻ ይዟል። ራያን ጎስሊንግ የሚጫወተው ኬ ውሻው እውነተኛ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ዴካርድ እኔ እንጃ፣ ራሱን ጠይቀው ይለዋል። ውሻው ውስኪ የፈሰሰበትን ወለል እየላሰ ነው። ለሠላሳ አምስት ዓመት ክርክር ቪልነቭ የሰጠው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ማንም ንግግር አላደረገም፣ ውሻው ብቻ ላሰ።

ሁለቱም ፊልሞች በገንዘብ አልተሳካላቸውም ይባላል። ታዲያ ለምን ሦስተኛ ይሠራል?

እውነት ነው። የመጀመሪያው ሰላሳ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዚያው ወር ከወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ጋር ተጋፍቶ ተዋጠ። ሁለተኛው ከ150 ሚሊዮን በላይ የፈጀ ነው፤ በመላው ዓለም ያስገባው ብዙ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነት ወጪ አልበቃም። ያም ሆኖ ሁለት ኦስካር ወስዷል፤ አንዱ ለሲኒማቶግራፈሩ ለሮጀር ዲኪንስ ነው፣ ከአሥራ ሦስት ዕጩነት በኋላ የመጀመሪያው። የመጀመሪያውን ያተረፈው ቪዲዮ ካሴት ነው፤ ሰው ተከራይቶ፣ አቁሞ፣ መልሶ አየው። ወረቀቷን ፈረስ ለማየት ማቆም መቻል ያስፈልግ ነበር።

ስለ «2099» ምን እናውቃለን? መልሱ እዚያ ይመጣል?

ለአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የተዘጋጀ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ከሁለተኛው ፊልም ሃምሳ ዓመት በኋላ ይካሄዳል፣ ሚሼል ዮ ከዋና ተዋናዮቹ አንዷ ናት፣ ሪድሊ ስኮትም በፕሮዲዩሰርነት አለበት። ይህን ያህል ነው።

ስለ መልሱ፦ እንዳይመጣ እመኛለሁ። ስጋቴ የተከታታይ ድራማ ባሕርይ ነው። ሁለት ሰዓት ያለው ፊልም ዝም ማለት ይችላል። ክፍል በክፍል የሚሄድ ድራማ ግን በየክፍሉ አንድ ነገር መግለጥ ይፈልጋል፤ የተዘጋ ፋይል፣ የድሮ ቅጂ፣ የዴካርድ የሥሪት ቁጥር። አንድ ገጸ ባሕርይ የድሮ ሰነድ ከፍቶ ስሙን የሚያነብበት ትዕይንት ከመጣ አርባ ዓመት በአንድ መስመር ያልቃል። ተስፋዬ ደግሞ ዘመኑ ሩቅ መሆኑ ነው። በ2099 ዴካርድ ተረት ነው፤ ስለ እሱ በዚያ ዘመን ያሉ ሰዎችም እንደኛ ቢከራከሩ እንዴት ደስ ባለኝ!

ያልተቋጨ መጨረሻ የጸሐፊ ስንፍና አይደለም?

ብዙ ጊዜ ነው። ታሪኩን መቋጨት አቅቷቸው ስክሪኑን የሚያጨልሙ ፊልሞች ሞልተዋል። ልዩነቱን የምለካው እንዲህ ነው፦ ሁለቱንም መልስ ይዤ ፊልሙን ከመጀመሪያው ባየው ሁለቱም ጊዜ ሙሉ ይሆናል ወይ? ብሌድ ራነርን በሁለቱም አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም ሙሉ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሰምና ወርቅ ነው» ይላሉ። ቅኔ የቀመሰ ሰው ግን ልዩነቱን ያያል። በሰምና ወርቅ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይቀራል፤ ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፣ ሰሚው ሲያገኘው ክርክሩ ያበቃል። እዚህ የሚቀልጥ የለም። ሰው ቢሆን ሬፕሊካንትነቱ እንደ ጥላ ይከተለዋል፣ ሬፕሊካንት ቢሆን ሰውነቱ አይለቀውም። ኅብር ቃል ቢሉት ይሻላል፤ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር የሚል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚሰሙበት።

ከአዲሱ ድራማ በፊት ሁሉንም ልይ ብል በምን ቅደም ተከተል ልሂድ?

የ2007ቱን ቅጂ በማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፤ የቫንጌሊስ ሙዚቃ በስልክ ድምፅ አይሰማም። ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፤ በዚያ ቀን ተከራከሩበት። ከዚያ «2049»ን፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ ነው፣ እራት በልታችሁ ተቀመጡ። በሁለቱ መሃል ያለውን ዘመን የሚሞሉ ሦስት አጫጭር ፊልሞችም አሉ፤ ከመካከላቸው ሺንኢቺሮ ዋታናቤ የሠራውን የጃፓን ካርቱን አትለፉት። የ1982ቱን ቅጂ ለመጨረሻ አስቀምጡት።

ወንድሜ አሁን የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ዓመት የ2007ቱን በተመሳሳይ ሰዓት ከፍተን፣ ስልክ ላይ ሆነን አብረን አየነው። ፈረሱ በጫካው ውስጥ ሲጋልብ ምንም አላለም። የሊፍቱ በር ሲዘጋ «ሰው ነው» አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «አንዴ መልሰው እስቲ፣ ዓይኑን ልየው» አለ።